ለሐዋሳ ከተማ ምክር ቤት የምናስገባው የቦይና የውሃ መስመር ጥያቄ፦ ረቂቅ ሁለት

ጸሐፊ፦ ሰላም አባላት። የመጀመሪያው ረቂቅ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ቦይና የመንገድ መብራት ብሎ አራት ጥያቄ የደረደረ ነበር። እንዲህ ያለ ማመልከቻ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ተብሎ ፋይል ውስጥ ይቀራል። መብራቱን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ሦስቱን በአንድ ቦታ፣ ማለትም ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቦይ ላይ እናስራቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና በአግባቡ የማስወገድ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። አንድ ጊዜ ጠቅሰነው እንለፍ፤ ምክር ቤቱን ሕግ ልናስተምር አይደለም የምንጽፈው። ቦዩ 120 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 80 ሳ.ሜ. ጥልቀት አለው፤ ግማሹ ደለል ነው። «እስከ ሰኔ መግቢያ ይጠረግ» ብያለሁ። እስቲ አስተያየት።

የሰፈር ተጠሪ፦ ሰኔ ለአዲስ አበባ ይሆናል። ሐዋሳ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዝናብ ይጀምራታል፤ ሰኔን ከጠበቅን የምንጠርገው ጎርፍ ውስጥ ቆመን ነው። «እስከ የካቲት መጨረሻ» ይባል። በጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ስለሚገባ፣ የመጪው የካቲት ጠረጋ ከዚያ በፊት በዕቅድ ካልተያዘ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «በጀት አልተያዘለትም።» ስለዚህ ደብዳቤው ቢዘገይ ሚያዝያ ላይ ይግባ።

የቧንቧ ባለሙያ፦ ጋሼ ጸሐፊ፣ ዋናውን ነገር አልነኩትም። በቦዩ ሆድ ውስጥ አቋርጠው የሚያልፉ የቤት መስመሮች አሉ። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሲያልፍ ፌስታል ይንጠለጠልበታል፣ ፌስታሉ የጫት ገረባ ይይዛል፣ ከገረባው ኋላ ደለሉ ይተኛል። ቦዩ መደፈን የሚጀምረው እዚያ ነው እንጂ መውጫው ላይ አይደለም።

የባሰው ሌላ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲሄድ መስመሩ ባዶ ይሆናል፤ ዝቅ ያለው ቤት ቧንቧ ከፍቶ ቀሪውን ሲያወርድ ደግሞ መስመሩ መሳብ ይጀምራል። ግፊት በነበረ ጊዜ ውሃ ያፈስ የነበረው መገጣጠሚያ አሁን የቦዩን እድፍ ወደ ውስጥ ይጠጣል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። መፍትሔው፦ መስመሩ ከቦዩ ወለል 30 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ በባለ 2 ኢንች ቧንቧ ውስጥ ይለፍ፣ ኤልቦም ሆነ ሶኬት ቦዩ ስር አይግባ። መገጣጠሚያ ካስፈለገ ከቦዩ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ሒሳብ ያዥ፦ ደለሉን አሰላሁት፤ 120 በ0.6 በ0.4 ሲባዛ ወደ 29 ሜትር ኩብ ይመጣል። ተዝቆ ሲወጣ ይነፋልና 35 እንበለው። ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ በሁለት ምልልስ አይጨርሰውም፤ እርጥብ ደለል ከባድ ስለሆነ እስከ አፉም አይጫንም። ሦስት ምልልስ ይያዝ። አደራ የምላችሁ፣ መዛቁና ማንሳቱ በአንድ ውል ይሁን። ሁለት ውል ሲሆን ዛቂው ዳር ላይ ከምሮ ክፍያውን ይቀበላል፣ አንሺው መኪና የለኝም ይላል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ክምሩን ይዞት ይመለሳል። «ደለሉ በዚያው ቀን ካልተነሳ ርክክብ አይፈረምም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመር።

የጽዳት ኮሚቴ፦ መውጫው ላይ የብረት ወንፊት እንጠይቅ። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ ሌላ ወንዝ የሚፈስበት መውጫ የለውም፤ የገባው ፕላስቲክ እዚያው ነው የሚከርመው። ወንፊቱ ግን ቀጥ ብሎ ከቆመ ገረባው ፊቱን ይለጥፈውና ውሃው ወደ ቤቶቹ ይመለሳል። ከወለሉ ወደ 60 ዲግሪ ያዘንብል፣ በብረቶቹ መካከል 5 ሳ.ሜ. ይተው፤ ቆሻሻው ወደ ላይ እየተገፋ በሬክ ይሳባል። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ባይሠራ ይሻላል። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበራቱ ውል ውስጥ ይግባ፤ የሚከፈላቸው ባነሱት ሜትር ኩብ ልክ ከሆነ ለወንፊቱ ለብቻው ወርሃዊ ክፍያ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ለአንድ ጆንያ ገረባ የሚመጣ የለም።

ክዳኑንም አደራ። 1 ሜትር በ80 ሳ.ሜ.፣ ውፍረቱ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ኮንክሪት 190 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ አንዴ ከተከደነ የሚያነሳው የለም። አንድ ሜትሩ ወደ 40 ሳ.ሜ. ሲያጥር ወደ 77 ኪሎ ይወርዳል፤ ከፌሮ የተሠራ ሁለት እጀታ ካለው ሁለት ሰው ያነሳዋል።

የጤና ባለሙያ አባል፦ ስለ ውሃው ጥራት «ይመርመርልን» ብቻ አትበሉ። ውሃው በፈረቃው በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቧንቧ ላይ ቀሪ ክሎሪን ይለካ፤ በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መስመሩ ይፈተሽ። ለባክቴሪያ የሚወሰደው ናሙና ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ታዮሰልፌት ባለበት ጠርሙስ ይወሰድ። አለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን ይገድልና ውጤቱ የሌለ ንጽሕና ያሳያል። በበረዶ ሳጥን ሆኖ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ።

ሰብሳቢ፦ እናመሰግናለን። አድራሻው ላይ ልጨምር። ቦዩ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ የውሃ አገልግሎቱ ደግሞ የራሱ ቦርድና የታሪፍ ገቢ አለው። ለአንዱ ብቻ ብንጽፍ ሌላውን አያዝም። ስለዚህ ለምክር ቤቱ ሆኖ ለሁለቱም ግልባጭ ይደረግ። ቅደም ተከተሉም ይጻፍ፦ መጀመሪያ መስመሮቹ ይነሱ፣ ቀጥሎ ይዛቅ፣ ከዚያ ወንፊቱና ክዳኑ። ተገላቢጦሽ ከሆነ የቧንቧው ቁፋሮ አፈር የተጠረገውን ቦይ ይሞላዋል። የባለ 2 ኢንቹን ቧንቧ የሰፈራችን ማህበር ይግዛ፣ መቁረጡንና መቀጠሉን አገልግሎቱ ይሥራ ብለን ብናቀርብ እምቢ የሚሉበት ምክንያት ያንሳል። የሚቃወም አለ?

የቧንቧ ባለሙያ፦ የለኝም። ግን «መስመሮቹ» ብላችሁ አትለፉት፤ ቁጥራቸው ከነቤት ቁጥሩ ይዘርዘር። ቆጠራውም ውሃ ባለበት የፈረቃ ቀን ይሁን። በደረቅ ቀን የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚያፈስ አይታይም።