የበራሪው ቴሌስኮፕ መዘጋት ልክ ነበር?

(ከሀዋሳ የሳይንስ ወዳጆች ግሩፕ)

አወያይ፦ ናሳና የጀርመን የህዋ ማዕከል ቦይንግ 747 ላይ 2.7 ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ጭነው ያበሩ ነበር። ስሙ ሶፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አስቆሙት። ልክ ነበሩ?

ኢንጂነሩ፦ ልክ ነበሩ። በዓመት 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ራሳቸው በ2021 ባወጡት የአሥር ዓመት ዕቅድ ይብቃ ብለዋል፤ ውጤቱ ወጪውን አልመጠነም። ጄምስ ዌብ የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ እያለ ምን ይቀርብናል?

የፊዚክስ ተማሪዋ፦ ብዙ ነገር ይቀርብናል! ዌብ የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ እስከ 28 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ገደማ የሆነ ብርሃን ነው። ኮከብ የሚወለድበት ቀዝቃዛ ጋዝና አቧራ ደግሞ በደንብ የሚያበራው ከዚያ በላይ፣ በሩቅ ኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው ረጅም ሞገድ ብርሃን) ነው። ለዚህ የተሠራው ሄርሼል የተባለ የህዋ ቴሌስኮፕ በ2013 ማቀዝቀዣ ሂሊየሙ አልቆበት ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ የቀረን ሶፊያ ነበር።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ከእንጦጦ ማየት አይቻልም?

መምህር፦ አይቻልም ልጄ። እንጦጦ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ትነት ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ሶፊያ እስከ 13.7 ኪሎ ሜትር ይወጣ ነበር። እዚያ ሲደርስ 99 በመቶው ትነት ከሥሩ ነው።

ኢንጂነሩ፦ መምህር፣ እሱስ ገባኝ። ግን በጣም የተወራለት ግኝቱ፣ በ2020 የተነገረው የጨረቃ ውሃ፣ በ6 ማይክሮን የታየ ነው። ሩቅ ኢንፍራሬድ አይደለም።

መምህር፦ እውነትህን ነው። እኔም ጨረቃዋን ማስረጃ አላደርጋትም። የእኔ ማስረጃ ሂሊየም ሃይድራይድ፣ የሂሊየምና የሃይድሮጂን ጥምረት ነው። በጽንፈ ዓለም መጀመሪያ የተፈጠረው ሞለኪውል እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። በ1925 ላብራቶሪ ውስጥ ታወቀ፤ ሰማይ ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት ተፈልጎ ጠፋ። ሄርሼል የሞለኪውሉን ብርሃን ትክክለኛ ድግግሞሽ ለይቶ የሚይዝ መሣሪያ አልነበረውም፤ ከመጠቀ በኋላ ደግሞ ማን ይቀይርለታል? ሶፊያ ግን በረራውን ጨርሶ መሬት ያርፋል፤ መሣሪያው ይሻሻላል። ተሻሽሎ ነው ያገኘው፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ።

ኢንጂነሩ፦ እሺ፣ ይሄ ከባድ ነጥብ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ገንዘብ አዲስ ሳተላይት ይሻላል እላለሁ።

ተማሪዋ፦ ይሻላል፤ ግን መጀመሪያ ተተኪው ይምጣ! ናሳ በ2024 ፕሪማ የተባለውን የሩቅ ኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ከአንድ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ጋር ለመጨረሻ ውድድር መረጠ። ቢያሸንፍ እንኳ ይመጥቃል የተባለው በ2032 ነው። እስከዚያ በዘርፉ የሚሠለጥኑ ወጣቶች በምን መረጃ ይሥሩ?