ከዚራ ላይ ለጀማሪ ሠዓሊዎች የምትከፈት ትንሽ ጋለሪ፦ አሰቃቀል፣ መብራት፣ ኮሚሽን

ጠያቂ፦ የከዚራ ጥላ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ያለች 4 በ6 ሜትር ክፍል ለሰፈሩ ጀማሪ ሠዓሊዎች ማሳያ ልትሆን ነው። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ 3.2 ሜትር ላይ። አምስት ልጆች 25 ሥዕል ይዘዋል፤ አብዛኛው አቡጀዲ ላይ የተሠራ አክሪሊክ፣ ጥቂቱ የውሃ ቀለም። ግድግዳው ሳይጎዳ እንዴት ይሰቀል? መብራቱስ? ከሽያጩ ስንት በመቶ ቢያዝ ያግባባል?

ልስንና ፊሸር፦
ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ቀንሱ። የክፍሉ ዙሪያ 20 ሜትር ነው፤ በርና መስኮት ሲወጣ 16 ቢቀር ነው። 70 ሳንቲም የሚሰፋ ሥዕል ከነክፍተቱ 1.2 ሜትር ይወስዳል፣ ስለዚህ 13 ይበቃል። 25ቱም ከተሰቀለ መጋዘን ነው። የተረፈው ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ።

በየሥዕሉ ሚስማር አትምቱ። አሮጌ የኖራ ልስን ከድንጋዩ ቶሎ ስለሚላቀቅ አንድ ሚስማር መዳፍ የሚያህል ልስን ይዞ ይወርዳል። ይልቅ ከኮርኒሱ ሥር ዙሪያውን የተላገ ሞራሌ እሰሩ፣ በየ60 ሳንቲሙ አንድ ቡሎን። ልስኑን በ8 ሚሊ መሰርሰሪያ፣ የማሽኑን መዶሻ (እየመታ የሚበሳበትን) አጥፍታችሁ ብሱት፤ መዶሻው የሚበራው ድንጋዩ ሲገኝ ነው። ፊሸሩ (ቡሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ድንጋዩ ውስጥ 5 ሳንቲም ካልገባ ልስኑ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱ ደግሞ አይታመንም። ከሞራሌው በየሥዕሉ ሁለት ቀጭን ሽቦ ይውረድ፤ በአንድ ሽቦ የተሰቀለ ሥዕል በር በተዘጋ ቁጥር ይዘማል። የሥዕሉ መሃል ከወለል 150 ሳንቲም ላይ ይሁን። ከፍሬሙ ታችኛ ማዕዘኖች ጀርባ ቡሽ ለጥፉ፣ ኖራው ሸራውን እንዳያነጣው።

ብሩሽ በድሬ፦
መብራቱን ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል አርቃችሁ ኮርኒሱ ላይ እሰሩ፤ በዚህ ከፍታ ወደ ሥዕሉ መሃል ሲዞር 30 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ወደ ክፍሉ መሃል በራቀ ቁጥር የተመልካቹ ጥላ ሥዕሉ ላይ ያርፋል። ርካሽ ኤልኢዲ ቀይን ቡኒ ያስመስላል፤ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 90 ወይም ከዚያ በላይ፣ 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን) የሚል ፈልጉ።

ለድሬ ግን ዋናው ጣጣ ሙቀቱ ነው። አክሪሊክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ አቧራም ይጣበቅበታል፣ ከዚያ በኋላ በጨርቅ አይለቅም። ፊት ለፊት ገጥማችሁ አትደርድሩ፣ በፌስታልም አትጠቅልሉ፤ በመሃል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይግባ። ባጃጅ ላይ ሲጫን ቆሞ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ። ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ ከሆናችሁ የ1998ቱን ጎርፍ አስቡና መጋዘኑን መደርደሪያ ላይ አድርጉት።

ሒሳብ ይቅደም፦
ከ30 እስከ 40 በመቶ የተለመደ ነው። ጠብ የሚነሳው ከመቶኛው ሳይሆን ከፍሬሙ ነው። 12,000 ብር የተሸጠ ሥዕል፣ ፍሬሙን ጋለሪው በ2,000 አሠርቶት ከሆነ፦ ፍሬሙ ቀድሞ ከተቀነሰ 35 በመቶው ከ10,000 ይታሰባል፣ ሠዓሊው 6,500 ያገኛል። መቶኛው ቀድሞ ከተነሳ 5,800 ይደርሰዋል። የ700 ብሩ ልዩነት ከመሰቀሉ በፊት በጽሑፍ ይግባ፤ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። መጠን፣ ዋጋ፣ የክፍያ ቀን፣ ጉዳት ቢደርስ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ደረሰኙ ላይ ደግሞ ገዢው ሥዕሉን እንጂ የማባዛት መብቱን እንዳልገዛ አስፍሩ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት ለሠዓሊው ይጠብቃል።

ሰዓቱንም አስቡበት። በቀትር ማን ይመጣል? ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ክፈቱ።

የከዚራ ጥላ፦
አመሰግናለሁ። የውሃ ቀለሞቹ መስታወት የግድ ነው?

ብሩሽ በድሬ፦
የግድ። ግን መስታወቱ ወረቀቱን አይንካው፤ እርጥበት ካገኘ ይጣበቅና ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። 3 ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው የካርቶን ጠርዝ በመሃል ይግባ። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይም አትስቀሏቸው፣ ፀሐይ ቀለማቸውን ቶሎ ትበላዋለች።