በኢትዮጵያ ላይ የወጣው የጣሊያን የዘር ሕግ ከአይሁድ ስደት ጋር ይያያዛል?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር፣ አዳማ
በአዳማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አውሮፓ አይሁድ እልቂት ሳስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ጣሊያን በእኛ ላይ የዘር ሕግ ያወጣችው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለችኝ። በፊት መሆኑን ነገርኋት፤ አንዱ ሌላውን ወልዶት እንደሆነ ሳላስረዳ ግን ደወል ተደወለ። የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

መልስ 1
መምህር፣ በሚያዝያ 1937 የወጣው አዋጅ ከቅኝ «ተገዢ» ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። የአዲስ አበባው መርካቶም ስሙን ያገኘው «የአገሬው ገበያ» ተብሎ ከፒያሳው በተለየበት በዚያው ዘመን ነው። በኅዳር 1938 ደግሞ በሮማ የወጣው ሕግ አይሁድ «አርያን» (የበላይ ዘር) ከተባለው ጣሊያናዊ ጋር እንዳይጋቡ ከለከለ፤ ተማሪዎቻቸውና መምህራኖቻቸው ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተባረሩት ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። እንደ እኔ፣ ልምምዱ የተደረገው በእኛ ላይ ነው።

መልስ 2
«ልምምድ» የሚለው ቃል ነገሩን አላግባብ ያቀለዋል። አይሁድን ከዜግነት ያወጡትና ከጀርመኖች ጋር እንዳይጋቡ የከለከሉት የናዚ ጀርመን የኑረምበርግ ሕጎች የታወጁት በመስከረም 1935፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ከመውረሯ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ጥላቻው ራሱ ደግሞ ከፋሺዝም እጅግ ይቀድማል፤ የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 4ኛ በ1555 የከተማዋን አይሁድ በቲበር ወንዝ ዳር በግንብ በታጠረ ሰፈር እንዲኖሩ አዝዞ ነበር። ሆኖም ጣሊያን ከተዋሐደች በኋላ ሙሉ ዜጎች ሆኑ፤ በጦሩ ውስጥ መኮንኖች፣ በፋሺስት ፓርቲውም ውስጥ አባላት ነበሩ። በታኅሣሥ 1935 ጣሊያናውያን ለእኛው ወረራ ማስፈጸሚያ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሲሰጡ አይሁዶቹም ወርቃቸውን ሰጥተዋል (ይህን ለእኛ አንባቢ መጻፍ ቀላል አይደለም)። በመስከረም 1943 ግን ጀርመኖች ሮማን ይዘው ሳለ፣ የከተማዋ የኤስኤስ (የናዚ ታጣቂ ድርጅት) አዛዥ ካፕለር ከዚያው ማኅበረሰብ 50 ኪሎ ወርቅ በ36 ሰዓት ውስጥ እንዲያመጣ፣ ካልሆነ ሰዎቹን በግዞት እንደሚልክ አስታወቀ። ወርቁ ተዋጥቶ፣ ተመዝኖ ተሰጠ። ጥቅምት 16 ቀን፣ በሰንበታቸው ማለዳ፣ ዝናብ እየዘነበ ወታደሮቹ ደረሱ፤ ለየቤተሰቡ ያደሉት ወረቀት ለመሰናዳት 20 ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ነበር። ወደ ኦሽዊትዝ፣ ወደ ናዚዎች የእልቂት ካምፕ፣ ከተጫኑት ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች የተመለሱት 16 ናቸው።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወታደሮቹ የአይሁዱን ቤት ከሌላው በምን ለዩት?

መልስ 2
የስም ዝርዝር ይዘው ነበር። የፋሺስት መንግሥት በነሐሴ 1938 አይሁድን ብቻ ለይቶ ቆጥሯል፤ ቆጠራው የተካሄደው ሕጎቹ ከመታወጃቸው በፊት ስለሆነ፣ አብዛኛው ሰው ስሙንና አድራሻውን በገዛ እጁ ሞልቶ አስረክቧል።