ሃርድ ዲስኩ ቢጫ አሳየ፤ ቼክ ዲስክ ይሂድበት ወይስ ፎርማት ይደረግ?

የሒሳብ ሹም
ሰላም ለሁላችሁ። የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ ዲስኩ 1 ቴራባይት፣ የሚሽከረከረው ዓይነት። ከሳምንት ወዲህ ፎልደር ሲከፈት ለ20፣ ለ30 ሰከንድ ድርቅ ይልና ይለቃል። የዲስክ ጤና የሚያሳየው ፕሮግራም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በቢጫ «ኮሽን» ይላል። ቁጥሮቹ፦ 05 ላይ 0፣ ሲ5 ላይ 18፣ ሲ6 ላይ 18፣ ሲ7 ላይ 2። ድምፅ የለውም። የጥገና ባለሙያ «ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻና ማረሚያ) ይሂድበት፣ እምቢ ካለ ፎርማት ይደረግ፣ ይስተካከላል» ብሏል። ውስጡ የ3 ዓመት የፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም) ሒሳብና ስካን የተደረጉ ደረሰኞች አሉ፤ ሌላ ቦታ ኮፒ የለም። በየቱ ልጀምር?

ብሎን ፈቺ
በኮፒ። ቼክ ዲስኩም ፎርማቱም ይቆዩ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብበው። ያ ፕሮግራም ካልቀየሩት በቀር የመጨረሻውን ዓምድ የሚጽፈው በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ 18 ያሉት በእኛ አቆጣጠር 24 ነው። ሲ5 ማለት ዲስኩ ማንበብ ያቃተው፣ ግን ገና ያልተካው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ የማከማቻ ክፍል) ነው። የቅርብ ጊዜ ዲስኮች በውስጣቸው የሚጽፉት በ4096 ባይት ሲሆን ቆጠራው ብዙ ጊዜ በ512 ነው፤ እንዲያ ከሆነ 24ቱ ሦስት ቦታ ብቻ ናቸው። ዛሬ 24 ሆኖ ነገ 80 ከሆነ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ጭማሪው ይናገራል።

05፣ ማለትም የተተኩት ሴክተሮች ቁጥር፣ ዜሮ መሆኑ አያጽናናዎት። ዲስኩ መጥፎውን ሴክተር በመለዋወጫ የሚተካው በአብዛኛው በላዩ ሲጻፍበት ነው። ሙሉ ፎርማት ዳር እስከ ዳር ዜሮ ስለሚጽፍበት ሲ5 ወደ 0 ይወርዳል፣ አንዳንዴም ቢጫው ይጠፋል። «ተስተካከለ» የሚባለው ይህ ነው፤ ዳታው ግን አብሮ ሄዷል። ቼክ ዲስክ «ስላሽ አር» ሲጨመርበት ደግሞ የደከመውን ዲስክ ሙሉውን እያስነበበ፣ የፎልደሮቹን መዝገብ እዚያው በላዩ ያርማል። ካበላሸው መመለሻ የለውም።

ላፕቶፑን አጥፍተው ዲስኩን ያውጡና በሳታ ወደ ዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያያይዙት፤ ዊንዶውስ ከራሱ ዲስክ ከተነሳ መጻፉን አያቆምም። አስቀድሞ የፒችትሪውን የካምፓኒ ፎልደር፣ ቀጥሎ ደረሰኞቹን ይቅዱ። ኮፒ ፔስት አንዱ ፋይል ላይ ይገተራል፤ የዊንዶውስ የትእዛዝ መቅጃ ሮቦኮፒ ይሻላል፣ ግን እንዳለ ከተዉት አንድን እምቢተኛ ፋይል 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል። ሙከራውንም የመጠበቂያ ሰከንዱንም 1 ያድርጉት።

ፔንግዊን
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከጥቂት ሜጋባይት በታች ከወረደ ወይም ሲ5 እየሮጠ ከሆነ ፋይል በፋይል መልቀም ይቅር። ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስቶ፣ ዲስኩን ማውንት ሳያደርጉ (ፋይሎቹን ሳይከፍቱ) ዲዲሬስኪው በሚባለው የማዳኛ ፕሮግራም ሙሉ ኢሜጅ፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ፣ ማንሳት ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ለኋላ ይተዋል። የተነበበውንና የቀረውን የሚመዘግበውን ማፕ ፋይል አይርሱ፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው፤ የሚቀመጠውም በታመመው ዲስክ ላይ አይደለም። ተቀባዩ ዲስክ ከ1 ቴራባይት በላይ ነጻ ቦታ ይኑረው። ምንጭና ተቀባይ ከተምታቱ ባዶው በሞላው ላይ ይጻፍበታልና ሴሪያል ቁጥራቸውን ሁለቴ ያመሳክሩ። በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከተገኘ ወደ 3 ሰዓት፣ በዩኤስቢ 2 ደግሞ ወደ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ መጥፎ ቦታ ላይ ሲደርስ ከዚያም ይረዝማል። የጠፋ ፋይል ፍለጋው፣ ቴስትዲስክ ወይም ፎቶሬክ በሚባሉት የፋይል መመለሻ ፕሮግራሞች፣ ከኢሜጁ ላይ ነው።

የሒሳብ ሹም
እግዜር ይስጥልኝ። ሲ7ስ? በመሃል ድምፅ ቢጀምርስ? ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይረዳል የሚልም ሰምቻለሁ።

ብሎን ፈቺ
ሲ7 የኬብል ወይም የመገናኛ ጉዳይ ነው፤ አንዴ ከቆጠረ አይቀንስም፣ 2 ላይ ከቆመ ይርሱት። ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ወዲያው ከኤሌክትሪክ ይንቀሉት። ማንበቢያው ራስ ቦታውን ስቶ መመላለሱ ነው፤ ዳታው ከተጻፈበት ሳህን ጋር ከተነካካ በእያንዳንዱ ዙር ዳታውን ይፍቃል። ከዚያ በኋላ ሥራው ዲስክ የሚከፈትበት አቧራ የሌለበት ንጹሕ ክፍል ላለው ብቻ ነው። ፍሪዘር ሳህኑ ላይ ጤዛ ያስቀምጣል፣ አያድርጉት። የዲስኩን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ከተመሳሳይ ዲስክ ወስዶ መቀየርም ብቻውን አይሠራም፤ የዚያ ዲስክ የብቻው ልኬት ያለበት የሮም ቺፕ ተነቅሎ አብሮ መሸጋገር አለበት።

ሁለት ኮፒ
ዳታው ከወጣ በኋላ ስለሚመጣው። ፒችትሪ ክፍት እያለ ፎልደሩን መቅዳት የተሰባበረ ኮፒ ይሰጣል፤ ከፋይል ሜኑ በራሱ ባክአፕ ይውሰዱ። አንዱ ኮፒ ሁልጊዜ ተነቅሎ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። ከቢሮው ውጭ የሚያድር ሌላም ይኑር። «2 ቴራባይት» የተጻፈባት ርካሽ ፍላሽ ውስጧ 32 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ ዝም ብላ በላዩ ትጽፋለች። ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው መፈተሻ ሞልተው መልሰው ሳያነቡ አይመኑባት። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ቢገዙም ባክአፕ አይቀርም፤ እሱ ድምፅም የለው፣ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚጠፋው።

በወር አንዴ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ሪስቶር አድርገው ትራያል ባላንሱን ያውጡ። ታትሞ ፋይል ከተደረገው ጋር ካልገጠመ፣ ባክአፕ የለዎትም።