ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል፣ አይብ ግን ምንም አይለኝም። ለምን?

የዳንግላው ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ያደግሁት ላም ባለበት ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ገና የታለበውን፣ አረፋው ሳይወርድ ነበር የምጨልጠው። አሁን ግን ፋሲካ ደርሶ አንድ ብርጭቆ ወተት ከቀመስኩ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ተነፍቶ ከበሮ ይሆናል። ይጮሃል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ጓሮ። እናቴ «ጾሙ አንጀትህን አድርቆት ነው» ትላለች። ጓደኞቼ አሜባ ነው ብለው ሰገራ አስመረመሩኝ፤ ነፃ ነህ ተባልኩ። የሚገርመው ግን አይብና ቅቤ እንደ ልቤ እበላለሁ።

ነርሷ ከማርቆስ፦
ወንድሜ፣ የወተት ስኳር፣ ላክቶስ የሚባለው፣ አልስማማ ብሎህ ይመስላል። እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ የሚሠራውም ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ውሃ እየሳበ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ ተቅማጡ ከዚህ ነው። እዚያ ደግሞ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙም ከዚህ ነው። ጾም ኢንዛይሙን አያጠፋውም። ግን 55 ቀን ወተት ሳይቀምሱ ቆይቶ ባንዴ ሙሉ ብርጭቆ መጠጣት ሊያስቸግር ይችላል፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ላክቶሱን መልመዳቸው ይቀራል። እናትህም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተናገሩም።

እመቤት ዘቡሬ፦
የአይቡን እኔ ልንገርህ ልጄ። ወተቱ ሲረጋ የሚኮመጥጠው ስኳሩ ወደ አሲድ እየተለወጠ ነው። ተንጦ ቅቤው ይወጣል። አሬራው እሳት ላይ ለብ ብሎ አይቡ ሲለይ፣ የቀረው ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓቱን ለጥጃ ስጥ፣ አንተ አይቡን ብላ።

የዳንግላው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ! ሲስተር፣ ወተቱን ባፈላውስ? ማኪያቶ ያለሱ አይሆንልኝም።

ነርሷ ከማርቆስ፦
ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ላክቶሱን አይነካም። ጥሬውን ግን እንዳትጠጣ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ። ማኪያቶ ውስጥ ያለው ወተት ትንሽ ስለሆነ ከምግብ ጋር ሞክረው፤ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሹን ይችለዋል። እርጎም ከወተት ይሻልሃል። ሽፍታ ወይም የከንፈር እብጠት ካለ ግን ያ አለርጂ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰገራህ ላይ ደም ካየህ ወይም ከከሳህ ወተቱን አታመካኝ፣ ሐኪም ቤት ሂድ።