ደመወዙ አድጓል፤ ኑሯችንስ?

የጀሞዋ፦ ትናንት ቡና ላይ ከባለቤቴ ጋር የተከራከርንበትን ላምጣላችሁ። እሱ «ከአምስት ዓመት በፊት ከነበርንበት ዛሬ እንሻላለን» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ የምንኖረው በኪራይ ነው። የሁለታችን ደመወዝ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ግን ያኔ ጤፍ በኩንታል አስጭነን፣ ቤት ውስጥ ነፍተንና ለቅመን ወፍጮ ቤት እናስገባ ነበር። አሁን የምንገዛው 25 ኪሎ ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ እሱም ያልቅና እንጀራ ከሱቅ በቁጥር። እንደኛ ዓይነቱ፣ ድሃም ሀብታምም ያልተባለው ቤተሰብ፣ ኑሮው እየተሻለው ነው ትላላችሁ?

የባንክ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ቁጥሩን እንየው። መስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ገብቷል። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የዋጋ ንረቱም በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ 2017 ሲያልቅ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ይህን እንደ ምንም መቁጠር ልክ አይመስለኝም።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ንረቱ ወረደ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም። የሚጨምርበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ዘይቱ የወጣበት ላይ ቁጭ ብሏል።

የግብሩን ነገር ደግሞ አብረን እንሥራው። 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው በድሮው ስሌት 5,500 ብር ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ 4,950 ነው። ልዩነቱ 550 ብር፤ ላገኘው ሰው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የመጨረሻው እርከን፣ 35 በመቶው፣ ከየት እንደሚጀምር ተመልከት። በ2008 በወጣው አዋጅ ከ10,900 ብር በላይ ላለው ነበር። ያኔ ያን ያህል የሚያገኝ ሰው ትልቅ ደመወዝተኛ ነው፤ ዶላሩም በባንክ 22 ብር ገደማ ነበር። አሁን ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሆኖ እርከኑ የተገፋው እስከ 14,000 ብቻ ነው። አንተ የጠቀስከው ጀማሪ ምሩቅ 11,500 ይዞ 30 በመቶው ውስጥ ገብቷል። ገና ትናንት የተመረቀ ልጅ በቀድሞው ሚዛን ከባለ ትልቅ ደመወዝ ተርታ ተሰልፏል ማለት ነው። ኪሱ ግን የጀማሪ ኪስ ነው።

የባንክ ሠራተኛው፦ የእርከኑን ነገር እቀበላለሁ። እንዲህ አስቤው አላውቅም።

የአያት ሰፈሯ፦ እኔ ስለ ራሴ ልናገር። በ1997 ተመዝግቤ ከዓመታት በኋላ ዕጣ የወጣልኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ቁልፉን ስረከብ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ዛሬ ያው ክፍያ፣ ሳንቲም ሳይጨምር፣ የትንሿን ልጄን የትምህርት ቤት ሰርቪስ አይሸፍንም። ሁሉም ነገር ሲወደድ ዕዳዬ ባለበት ቆሞ ቀረ። እኔና ከጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ ደመወዛችን እኩል ነው። እሷ ተከራይ ናት። ወር ሲደርስ እኔ ዕቁብ እጥላለሁ፣ እሷ ትበደራለች። ስለዚህ «መካከለኛው ተሻለው ወይ» ስትሉ መጀመሪያ ቤት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ክርክሩን የሚለየው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዲሲ፦ ሌላም የሚለይ ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ለእናቴ የምልከው አልጨመረም፣ በባንክ የሚደርሳት ብር ግን እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። የእኛ ቤት በዚህ ተርፏል። ውጭ ሰው የሌለው ጎረቤታችን ግን ያንኑ የተወደደ ዕቃ በደመወዙ ነው የሚገዛው።

መምህሩ፦ እሱማ እግዜር ይስጥልን። ግን የሰው እጅ እያዩ መኖር ኑሮ ተሻለ አያስብልም። አንተ አንድ ወር ሥራ ብታጣ ያ ቤት ምን ይሆናል?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ ራሽን ተሰልፌ ነው ቤተሰቤን ያስተዳደርኩት ብል ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የእኔ ልጆች ዛሬ ሁሉም ዲግሪ አላቸው፣ ቤታቸው ፍሪጅ አለ። ይህንን አትርሱ።

የጀሞዋ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ አልረሳነውም። የሚያስጨንቀኝ ግን እርስዎ ልጆችዎን በዚያ ሁሉ ችግር ውስጥ አልፈው በራስዎ ጣሪያ ሥር ማሳደግዎ ነው። እኔ ሁለት ዲግሪ ያለበት ቤት ይዤ ያንን አልቻልኩም።

ከትናንት ወዲያ የወጪ ደብተራችንን ገለጥኩ። ከአምስት ዓመት በፊት ኪራዩ የእኔ ደመወዝ ግማሽ ነበር። አሁን የእኔ ደመወዝ ሙሉውን ለኪራይ ይሄዳል፤ የምንበላውም፣ ልጆቹ የሚማሩበትም የባለቤቴ ነው። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ጭማሪውም አከራይ እንዳሻው አይሁን ይላል። እኛም ውል አለን። ግን ውሉ ላይ የተጻፈውና በየወሩ እጅ በእጅ የምንሰጠው አንድ አይደለም። ለማን ልናገር? ብናገር ከሁለት ዓመት በኋላ የት ልግባ? ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው እዚሁ ነው።

ደብተሩን ለባለቤቴ አሳየሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «የተሻለን የመሰለኝ ደመወዙ ላይ ያለውን ቁጥር እያየሁ ነው» አለኝ።

የባንክ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ ለ40/60፣ 40 በመቶውን ቆጥበሽ ቀሪውን በባንክ ብድር ለምትከፍይበት ቤት፣ ተመዝግበሽ ነበር?

የጀሞዋ፦ በ2005። ባለፈው ዓመት መቆጠብ አቆምኩ። እናንተስ፣ የያኔ ተመዝጋቢዎች፣ ቀጥላችኋል ወይስ ብሩን አወጣችሁት?

መምህሩ፦ እኔ ቀጥያለሁ።