የፋርማሲ መምህራንን የምርምር ሥራ በምን እንመዝን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ አጋሮች። ጎጃም ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ የፋርማሲ መምህራን ያሳተሟቸውን የጥናት ጽሑፎችና ጽሑፎቹ ያገኙትን ሳይቴሽን (በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበትን ብዛት) ለመመዘን ተነሥቻለሁ። ሆኖም የአንዱ መምህር ኤች-ኢንዴክስ (እያንዳንዳቸው ቢያንስ ያንኑ ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎቹ ብዛት) የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ በሆኑት በጉግል ስኮላርና በስኮፐስ ሲታይ ይለያያል። የመድኃኒት ዕፅዋትን በቤተ ሙከራ የሚመረምሩትን በሆስፒታል የመድኃኒት አጠቃቀምን ከሚያጠኑት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ መደርደሩም ፍትሐዊ አልመስልህ ብሎኛል። ውጤቱ በማዕረግ እድገት ላይ መነጋገሪያ ሊሆን ስለሚችል ማንንም ሳልበድል እንዴት ልሥራው?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ምን ያህል ተጻፈ የሚለውንና የተጻፈው ምን ያህል ተጠቀሰ የሚለውን ለየብቻ ይያዙ። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ስለሚያጣምር ምቹ ይመስላል፤ የሚደብቀው ግን ብዙ ነው። አምስት ጽሑፎቿ 25፣ 8፣ 5፣ 3 እና 3 ጊዜ የተጠቀሱላት መምህርት ኤች-ኢንዴክሷ 3 ነው፤ 10፣ 8፣ 5፣ 4 እና 3 ጊዜ የተጠቀሱለት ባልደረባዋ ግን በድምሩ ከእርሷ አንሶ ሳለ 4 ያገኛል። ቁጥሩ ከጊዜ ጋር የሚያድግ እንጂ የማይቀንስ በመሆኑ ጀማሪ ሌክቸረርን ከአንጋፋ ፕሮፌሰር ጋር ማወዳደሪያ ሊሆን አይችልም። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና ያልታተሙ ሥራዎችን ጭምር ስለሚቆጥር ብዙውን ጊዜ ከስኮፐስ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ምንጭ ይጠቀሙ፣ መረጃው የተወሰደበትን ቀንም ይጻፉ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ከሁሉ በፊት ስም ይጣራ። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ የውጭ ጆርናሎች ደግሞ የኋለኛውን የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። በዚህም ምክንያት አንዱ አበበ ከበደ በአንድ ጽሑፍ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት መምህራንም በአንድ ገጽ ሊታጨቁ ይችላሉ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ በላቲን ፊደል አንዳንዴ ተያይዘው አንዳንዴ ተለያይተው ስለሚጻፉ በተቋም ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ሥራ ያመልጠዋል። መምህራኑ የኦርሲድ መለያ (አንዱን ተመራማሪ ከሌላው የሚለይ ቋሚ ቁጥር) እንዲያወጡና የጽሑፎቻቸውን ዝርዝር ራሳቸው አይተው እንዲያረጋግጡ ቢያደርጉ ይህ ድካም ይቃለልልዎታል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፍት የሚፈርሙበት ሲሆን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ብዙ ጊዜ ይሳተፉበታል። አንዱ ጽሑፍ በሺህ የሚቆጠር ሳይቴሽን ሊያገኝ ስለሚችል ከጥናቱ ጽሑፎች በአንዱ ስሙ የገባ መምህር በቡሬና በፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤቶች ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ብቻዋን ካጠናች መምህርት እጅግ የላቀ ይመስላል። ለአገራችን የሚበጀው የእርሷ ዓይነት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የሚያይ ቁጥር ግን የለም። ቢያንስ ሳይቴሽኑን ለጸሐፍቱ ብዛት አካፍለው ያልተካፈለውንም የተካፈለውንም ስሌት ያሳዩ። ለንዑስ ዘርፎች ልዩነት ደግሞ በዘርፍ፣ በኅትመት ዓመትና በጽሑፍ ዓይነት የተመዘነውን የሳይቴሽን ልኬት ይጠቀሙ፤ በዚህ ልኬት 1 የዓለም አማካይ ነው። የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር (ጽሑፎቹ በአማካይ የሚጠቀሱበትን መጠን) የመምህሩ ውጤት አድርጎ መቁጠር የሚገባ አይደለም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ምርምር ምዘና የተዘጋጀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም ይህንኑ ይቃወማል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋርማኮግኖሲን (የመድኃኒት ዕፅዋትን ጥናት)፣ ክሊኒካል ፋርማሲን (በሕሙማን ዘንድ የመድኃኒት አጠቃቀምን ጥናት) እና ሶሻል ፋርማሲን (የመድኃኒትንና የኅብረተሰብን ግንኙነት ጥናት) በየራሳቸው ሠንጠረዥ አድርጌ፣ ዝርዝሩን ለመምህራኑ ሳላሳይ ስሌት አልጀምርም። የየክፍሉን ውጤት በአማካይ ላቅርበው?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

በአማካይ አይሁን። አንድ ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ አማካዩን ስለሚያንረው መካከለኛውን ቁጥር ይውሰዱ፤ አንድም ጊዜ ያልተጠቀሱትንም ከሠንጠረዡ አያውጧቸው።